መጣሁ ብሎ የሄደ ሰው

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። የሥራ ዘመናቸውን ትዝታ የሚጽፉት ሠላሳ ዓመት አገልግለው፣ ሽኝት ተደርጎላቸው ቤታቸው የገቡ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥራ ዘመኔ የሚባለው አሥራ አንደኛ ክፍልን ከጨረስኩበት ክረምት ወዲህ ያሉት እሑዶች ናቸው። የሥራ መደቤም ስሙ "ጭራ" ነው። ጭራ ምን ትዝታ አለው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ከእኔ በኋላ ሥራውን የተረከቡት ሰው "መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ በአፌ ላስረዳ ስሞክር ነገሩ ተዘበራረቀብኝ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔ የጀመረው ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት አጠገብ ነው። በደንብ አልነጋም። የምንሄድበት ኮስተር አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ በማዶ ረዳቶች "ጀሞ! ጀሞ!" እያሉ ይጣራሉ። የእግር ጉዞ ቡድናችን ከለቡ፣ ከጀሞና ከጎፋ የተሰባሰበ ነው። እሑድ እሑድ ከከተማ ወጥቶ ተራራ ወይም ጫካ ወይም በረሃ ተራምዶ ይመለሳል። የሚመሩት ቲቸር ስንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፖርት ያስተማሩ፣ ጡረታ ቢወጡም ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ "እግር አንሡ!" ማለት ያልተዉ ሴት ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል።

የሥራ መደቦቹን እዚያው አስፋልቱ ላይ አስረዱኝ። ቀድሞ መንገድ የሚመራው "ፊት" ይባላል፤ ፊት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መሃል ላይ የመድኃኒት ቦርሳ ይዞ የሚሄደው "ወገብ" ነው። ከሁሉም ኋላ የሚሄደው "ጭራ" ነው።

"ጭራ ማንንም አይቀድምም" አሉኝ። "ሰው ቢቆም ትቆሚያለሽ። ቢቀመጥ ትቀመጫለሽ። ቢነጫነጭ ትሰሚያለሽ። ከኋላሽ ሰው ካለ አንቺ ጭራ አይደለሽም። ገባሽ ረድኤት?"

"ገባኝ ቲቸር።"

"እንግዲያው ላልመጡት ደውዪላቸው።"

ይህም የጭራ ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ለቀሩት ሰዎች በየተራ እየደወልኩ "የት ደረሳችሁ?" አልኳቸው። አንዱ "ደረስኩ" አለ። ሌላዋ "መጣሁ፣ መጣሁ" አለች። ሦስተኛው ደግሞ "እዛው ነኝ፣ አልታየሁሽም?" አለኝ። ደስ ብሎኝ "ቲቸር፣ ሁሉም ደርሰዋል" ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ቲቸር ስንዱ ግራ ቀኙን አዩ። ኮስተሩ ውስጥ ከተቀመጡት፣ ከእኛና ከሹፌሩ በቀር ማንም አልነበረም።

ስልኩን ከእጄ ወስደው ለሦስተኛው ሰውዬ እንደገና ደወሉ። የት ነህ አላሉትም። "ምን ይታይሃል?" አሉት።

 በድምፅ ማጉያው "እ... ፍሪጁ" ሲል ተሰማ።

"እንግዲያው ፍሪጁን ዝጋና ና" ብለው ዘጉት። ኮስተሩ ውስጥ ያሉት ሳቁ።

"ስሚ" አሉኝ ስልኬን ሲመልሱልኝ። "የት ነህ ብለሽ ከጠየቅሽው፣ ሊሆን የሚፈልግበትን ቦታ ይነግርሻል። ክፋት የለውም፤ ልቡ እዚህ ደርሷል። አንቺ ግን የምትፈልጊው እግሩን ነው። ምን ይታይሃል በዪው።"

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ጭራ?" አለች። "ጀሞ ድረስ ትምህርት ቤት ያመላለስኳትን ልጄን ጭራ እንዲያደርጓት ነው?" ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ሳንኳኳ "ጭራዋ ገባች፣ እንግዲህ በሩን መዝጋት ይቻላል" ይላል። እውነት ለመናገር አልከፋኝም። ጭራ ሳይገባ በር የሚዘጋበት ጉዞ የለም።

የጭራ ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ፊሽካ፣ አንዱ ቢጠፋ ተብሎ። እሾህ ማውጫ ወረንጦ። ትርፍ የጫማ ክር። መንገድ በሚለያይበት ቦታ ቁጥቋጦ ላይ የሚታሰር ቀይ ጨርቅ። ለራስ ከሚበቃው በላይ ውሃ። ፊሽካው ቋንቋ አለው። አንድ ረጅም "ቁሙ" ነው። ሁለት አጭር "ሂዱ" ነው። ሦስት ረጅም "ሰው ጎድሎናል" ነው። ቲቸር ስንዱ ሦስተኛውን ሲያስተምሩኝ እንኳ በእጃቸው አሳዩኝ እንጂ አልነፉትም። ለልምምድ የሚነፋ አይደለም አሉኝ።

ቀሪውን ያስተማሩኝ ተጓዦቹ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች የደከመ ሰው ሳይ "አይዞዎት፣ ደርሰናል" እል ነበር፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሲል ሰምቼ። መናገሻ ጫካ ውስጥ አንዲት ወፍራም እናት አቀበቱ መሃል ድንጋይ ላይ ተቀመጡና "ልጄ፣ አንቺ ቅድም የደረስሽበት ቦታ እኔንም ውሰጂኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ "ከዚያ ዋርካ በኋላ ሜዳ ነው" ማለት ጀመርኩ። ሰው የሚታየውን ነገር ከነገሩት ይራመዳል።

አሁን ወደ በረሃው ልሂድ።

ከመተሐራ ወዲያ፣ ፈንታሌ ተራራ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ድሮ ከተራራው ቀልጦ የወረደ ነው። ሲፈስ እንደ ወጥ ተንተክትኮ፣ አረፋው ሳይፈነዳ በርዶ የቀረ ይመስላል፤ ሰው የሚያህል፣ ቤት የሚያህል ያበጠ አለት ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። በዱላ ሲመቱ እንደ በርሜል ይጮኻሉ። ገሚሱ ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል፤ በስንጥቁ ሲጣሩ ድምፁን ተቀባብለው ሌላ ቦታ ያወጡታል።

የሄድነው ከክረምቱ በኋላ አበባው ሳይረግፍ ለመድረስ ብለን ነው። የአገሩ ልጅ የሆነው ቦሩ ከመተሐራ ተቀላቀለን፤ የዚያን ዕለት ወገብ እሱ ነበር። ረጅም፣ ፈጣን፣ ሲናገር ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበት ሰው ነው። ገና ጉዞው ሳይጀመር ሁላችንንም ሰብስቦ አበባውን አሳየን።

"አበባው ሁለት ነው" አለ። "ይሄ ሮዙ ድንጋይ ይወዳል። ቅጠል የለውም፣ ግንዱ እንደ እንስራ ሆዱ ያበጠ ነው። እንዳትነኩት፣ ወተቱ መርዝ ነው። ያ መሬት ላይ የተነጠፈው ቢጫ ደግሞ አፈር ይወዳል።"

"ቢጫው ምንድን ነው?" አለች አንዷ።

"ኩርንችት ነው። ሲደርቅ ጫማሽን ይበሳል፤ አሁን ግን ፎቶ ተነሺበት።" ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠቆመበት። "ሮዝ ያየ ሰው በተራራው በኩል ነው፣ በግራ። ቢጫ ያየ ሰው ከታች በሚታየው ሐይቅ በኩል ነው፣ በቀኝ። መሃሉ መንገድ ነው። በቃ፣ ካርታው ይሄ ነው።"

ከእኔ ፊት የነበሩት የመጨረሻዎቹ ተጓዦች ጋሽ ሞገስና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ነበሩ። የጎፋ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሞገስ ብዙ ዘመን የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው አስረክበዋል። ዝም ማለት አይችሉም። እኔን "ክብርት ጭራ" ነው የሚሉኝ። "ክብርት ጭራ፣ ከኋላ ሆነሽ አገር ትመሪያለሽ?" ይሉኛል። እትዬ ዘውዴ ደግሞ የተረጋጉ ናቸው፤ ከለቡ እስከ መተሐራ አውቶቡሱ ባለፈበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይሳለማሉ፤ ሲራመዱም ከአንድ ዓይነት እርምጃ ፍንክች አይሉም። የባላቸው ቁርስ፣ ብስኩትና ጁስ በእሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነው። ጋሽ ሞገስ ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸውን አውቶቡስ ውስጥ ተወግተዋል፤ ቁርሱን ግን "አበባው ጋ ደርሰን እንበላዋለን" ብለው አቆይተውታል።

አንድ የተሰነጠቀ አለት ጥላ ሥር ቆምን። የእትዬ ዘውዴን የጫማ ክር ላስርላቸው ብዬ ተንበርክኬ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ሞገስ የሉም።

"የት ሄዱ?" አልኳቸው።

"መጣሁ ብሎ ሄደ" አሉኝ። "ዞር ብሎ ይመጣል።"

ይህ የተለመደ ነው። ሰው ለሽንት ዞር ሲል ጭራ ይቆማል፤ ፊቱንም ወደ ሌላ ያዞራል። ቆምኩ። በዚህ መሃል ከሩቅ ቲቸር ስንዱ የተበታተኑትን ለመሰብሰብ "ኑ! ኑ!" ሲሉ ተሰማ። አለቶቹ ቃሉን ተቀባበሉት። ወዲያው ከግራ፣ ከተራራው በኩል፣ የጋሽ ሞገስ ድምፅ "መጣሁ!" አለ።

"ይኸው መጣ" አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ቦርሳቸውን እየከፈቱ።

አልመጡም። "ኑ!" የሚለው ደግሞ ተሰማ። "መጣሁ፣ መጣሁ!" አሉ አሁንም ከግራ።

እኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚመጣ ሰው ድምፁ እየጎላ ነው የሚሄደው። የጋሽ ሞገስ "መጣሁ" ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀጥኖ ነበር። እሳቸው እውነታቸውን ነው፤ እየመጡ ነው። ግን ወደ እኛ አይደለም። "ኑ" የሚለውን አለቱ ያቀበላቸውን ድምፅ ተከትለው እየሄዱ ነው።

ፊሽካውን አውጥቼ ሦስት ጊዜ ረጅም ነፋሁ።

ከፊታችን ያለው ሰልፍ ቆመ። ቦሩ በሩጫ ተመልሶ መጣ፤ ከኋላው አራት አምስት ሰዎች ተከተሉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣራት ጀመሩ። "ጋሽ ሞገስ! በዚህ ይምጡ! ኑ!" ድንጋዩ በሙሉ "ኑ" አለ። አንድ ወጣት በግራ በኩል አለቱ ላይ መውጣት ጀምሯል።

እትዬ ዘውዴ ክንዴን ያዙ። "ረድኤት፣ መርፌውን ተወግቷል፤ አልበላም። ቁርሱ ይኸው እኔ ጋ ነው።" ቦርሳውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ያላመንኳቸው ይመስል። "ሲቆይበት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ይወድቃል። አውቀዋለሁ።"

ፀሐዩ መክረር ጀምሯል። ድንጋዩ ሥር ያለው ጥላ እየጠበበ ነበር።

"እባካችሁ ማንም አይጥራቸው!" አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አለቱ ላይ የወጣውንም ልጅ "ና ውረድ" አልኩት፤ ወረደ። ዝም ሲሉልኝ እጆቼን አፌ ላይ ገጥሜ ጮህኩ። "ጋሽ ሞገስ! አይምጡ! ባሉበት ቁጭ ይበሉ!"

"ምን አልሽ?" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ባሌን አይምጣ?"

"እትዬ፣ በመጡ ቁጥር እየራቁብን ነው።"

ቦሩ ወደ እኔ አይቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከወዲያ፣ ቆይቶ፣ የተናደደ ድምፅ መጣ። "ማን ነው አይምጡ የሚለው?"

"ረድኤት ነኝ! ተቀመጡ?"

"ተቀመጥኩ!"

"ምን ይታይዎታል?"

"ድንጋይ!"

"ከድንጋዩ ሌላስ?"

"ድንጋይ አልኩሽ እኮ!"

አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ዘውዴ ዞር ብለው ሲያዩት አቆመ።

"ጋሽ ሞገስ፣ ከእግርዎ ሥር ምን አለ?"

 ከዚያ፣ ከግራ፣ "አበባ!" አሉ።

"ቀለሙ?"

"ቢጫ! ቢጫ ነው!"

ድምፁ የመጣው ከተራራው በኩል ነው፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ እያየ ነው። በተራራው በኩል ግን ቢጫ የለም። ቦሩ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ እኔም ዞርኩ። 

ጭራ ቦታውን አይለቅም፤ ከለቀቀም ተተኪ አድርጎ ነው። ሁለተኛውን ፊሽካ አውጥቼ እትዬ ዘውዴ አንገት ላይ አጠለቅሁት። "እስክመለስ ጭራ እርስዎ ነዎት። ከኋላዎ ማንም እንዳይቀር።"

"እኔ?"

"እርስዎ። ቦርሳውን ይስጡኝ።"

ቦርሳውን ለመልቀቅ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ሰጡኝ። ስነሳ "መጣሁ" ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "ሐይቁ በኩል ነኝ፣ ቢጫው ጋ" አልኳቸው። ቀዩን ጨርቅ መንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ላይ አሰርኩና ቦሩን ተከተልኩ።

ድንጋዩ አልቆ አፈር የሚጀምርበት ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ቢጫው እዚያ ምንጣፍ ሆኗል። ጋሽ ሞገስ መሃሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ወድቋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የጁሱን ቀሰም አፋቸው ላይ ያስያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ቦሩ ፀሐዩ ላይ ቆሞ በሰውነቱ ጥላ ሠራላቸው። ጁሱን ጨረሱት። ብስኩት በሉ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተመለሰ፤ ከፊታቸው ጋር ምላሳቸውም ተመለሰ።

"ክብርት ጭራ" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ደንበኛ ጠርቼ፣ ተጠርቼ ኖርኩ። አይምጡ ተብዬ የዳንኩት ዛሬ ነው።"

"ቲቸር ስንዱ ኑ ሲሉ ነው የተሳሳቱት?" አልኳቸው።

"ሲጠሩኝ ሰማሁ፣ መጣሁ አልኩ፣ ሄድኩ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?"

ስንመለስ እትዬ ዘውዴ ተጓዦቹን በሙሉ ጥላው ሥር አስቀምጠው እሳቸው ከሁሉም ኋላ ቆመው ጠበቁን። ባላቸውን ሲያዩ ፊሽካውን አፋቸው ላይ አድርገው ሁለት አጭር ነፉ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ሲነፋ እየሰሙ ለምደውት መሆን አለበት።

"መጣሁ ብለህ ሄድክ" አሏቸው።

"መጣሁ እኮ፣ ይኸው" አሉ ጋሽ ሞገስ።

እትዬ ዘውዴ የባላቸውን ባርኔጣ ወስደው ትከሻቸው ላይ መቷቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አለቱ አዙረው ትንሽ ቆዩ። ማንም አላያቸውም፤ ሁላችንም አበባ ማየት ጀመርን።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ቲቸር ስንዱ ኮስተሩ መሃል ቆመው "አይምጡ ያለው ማን ነው?" አሉ። እጄን አወጣሁ፤ አሁንም ተማሪያቸው ነኝ።

"ከየት ተማርሽው?"

"ከፍሪጁ" አልኳቸው።

የፍሪጁ ሰውዬ ሁለት ወንበር ፊት ተቀምጦ ነበር። "ታዲያ ጥቅም አለኝ ማለት ነው" አለ። ቲቸር ስንዱ እየሳቁ ተቀመጡ።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ደንብ ወጣ። በእኛ መንገድ ላይ "መጣሁ"ና "ደረስን" አይባልም። ከመንገድ የሚወጣ ሰው ዱላውን በሚሄድበት አቅጣጫ መሬት ላይ አጋድሞ፣ ምን ወዳለበት እንደሚሄድ ለጭራ ተናግሮ ይሄዳል። ሰው አጉረመረመ። "ለሽንት ሪፖርት?" ያለም ነበር። ግን ለመዱት።

ያን እሑድ ጋሽ ሞገስ አልነበሩም። ደወልኩ። "ጋሽ ሞገስ፣ ምን ይታይዎታል?"

"ዘውዴ" አሉኝ። "በር ላይ ቆማለች። ጫማዬን ደብቃብኛለች።"

ከጀርባቸው የእትዬ ዘውዴ ድምፅ "ሁለተኛ አልሄድም በላት!" ይላል። ጋሽ ሞገስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ረድኤት፣ እኔ እሑድ ቤት ከተቀመጥኩ እሞታለሁ። ቀልዴን አይደለም። አናግሪያት።"

 እትዬ ዘውዴ ስልኩን ሲቀበሏቸው ያሰብኩትን ብቻ አልኩ። "እትዬ፣ ፊሽካው እርስዎ ጋ ቀርቷል።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "አንገቴ ላይ ነው።"

"የጭራ ፊሽካ ነው። ጭራ ደግሞ ማንንም ከዓይኑ አያጣም፤ ሁሉም ከፊቱ ነው የሚሄደው።"

 ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በቀጣዩ እሑድ መብራት ኃይል ስደርስ ከሹፌሩ ቀድመው የቆሙ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። ጋሽ ሞገስ ጫማቸውን አድርገዋል። ብስኩትና ጁሱ በራሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። እትዬ ዘውዴ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ያልመጡትን ሰዎች ስልክ እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ቲቸር ስንዱ የመድኃኒቱን ቦርሳ ለእኔ አሻገሩልኝ። ወገብ ሆንኩ።

እትዬ ዘውዴ የመጀመሪያውን ስልክ ደወሉ። "ምን ይታይሻል?" ሲሉ ሰማሁ።

ሥራውን ሲረከቡ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የጠፋን ሰው አትጥሩት፤ የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ ይርቃል። መጀመሪያ አስቀምጡት፤ ከዚያ ምን እንደሚታየው ጠይቁት፤ መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ጭራነቴ ያበቃው ኅዳር 7 ቀን፣ እሑድ ማለዳ ነው።